ቋሚ እስፒከር በአቅም እንዴት ይመረጣል፦ መጀመሪያ ሳሎናችሁን ለኩ

ባለፈው አባይ ማዶ ቤት ሰርቶ የገባ ጓደኛዬ ደወለልኝና “ሳሎኑ ባዶ ሆነብኝ፣ እነዚ መሬት ላይ ቆመው ወገብ የሚደርሱትን እስፒከሮች ልገዛ ነው፣ የቱን ልግዛ?” አለኝ። ሳሎንህ ስንት በስንት ነው አልኩት። “ኧረ ሶፋ አደለምኮ የምገዛው” ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን እዚህ ባህር ዳር ሶስት ጊዜ እስፒከር ገዝቼ ሁለቴ ተሸውጃለሁ፣ ስለዚህ ለሱ በስልክ ያልኩትን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበት።

መጀመሪያ ሜትር አውጡና ክፍሉን ለኩ፣ ሜትር ከሌለ በእርምጃም ይሆናል። ለምን መሰላችሁ፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዘው፣ እሱን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉት ክፍሉ ራሱ የሚያጎላውን የቤዝ ድምፅ ታገኛላችሁ። ሳሎኑ 4 ሜትር ከሆነ 343 ሲካፈል ለ8፣ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ) ገደማ ማለት ነው፣ የቤዝ ጊታር የመጨረሻዋ ወፍራም ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ነች፣ ስለዚህ ቤዝ ጊታሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ክፍሉ “ቡምምም” ይላል፣ እናንተ እስፒከሩ አሪፍ ቤዝ ያለው ይመስላችኋል፣ በሁለተኛው ቀን ግን ራስ ምታት ነው። የባሰው ደግሞ 4 በ4 የሆነ ክፍል ነው፣ ርዝመቱም ወርዱም እኩል ስለሆነ ሁለቱም እዛው 43 ላይ ይደራረባሉ። የኔ የሽምብጡ ቤት እንደዛ ነበር፣ ምን ባደርግ አልተስተካከለም። 4 በ5 ቢሆን አንዱ 43 አንዱ 34 ላይ ይሆንና ትንሽ ይበተናል።

ክፍላችሁ ከ12 ካሬ በታች ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቋሚውን ተዉት፣ ጠረጴዛ ወይ ማቆሚያ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ግዙ፣ በዛው ብር የተሻለ ጥራት ያለው ታገኛላችሁ። ቋሚ እስፒከር ከኋላው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 30፣ ቢቻል 50 ሳንቲ ሜትር መራቅ ይፈልጋል፣ ከጎኑም እንደዛው፣ እናንተም ከሱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ መቀመጥ አለባችሁ። ይሄን ቦታ መስጠት ካልቻላችሁ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ጥግ ተለጥፎ ነው የሚቀረው።

ከዛ ክፍሉ መሀል ቆማችሁ አንዴ በደንብ አጨብጭቡ። “ጭጭጭ” እያለ የሚመለስ ድምፅ ካለ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ መስኮቱ ሰፊ ነው ማለት ነው፣ የአሁን ቤቶች ደግሞ ሁሉም እንደዛ ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ፣ ሹል የሆነ እስፒከር ጆሮ ይበሳል፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ “ዋው ጥርት ያለ” ያስባላችሁ ነገር ቤት ሲገባ ሊያስለቅሳችሁ ይችላል። ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ የእስፒከሩ በጀት ውስጥ ይገባሉ፣ ቀልድ አደለም።

ስለ በጀት ካነሳን፣ ዋጋ አልጠራም፣ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሰራም። ግን ያላችሁን ብር በሙሉ እስፒከር ላይ አታፍስሱ። እኔ ግማሹን ለእስፒከር፣ ሲሶውን ለአምፕሊፋየር (ለእስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው፣ አምፕ የምንለው)፣ ቀሪውን ለገመድ፣ ለስታብላይዘር፣ ለማጓጓዣና ለምንጣፍ ነው የምመድበው። ስታብላይዘሩን አትዝለሉ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሱቅ። እዚህ ጋ ነው የመጀመሪያውን ሽወዳ የበላሁት። ሱቆች ውስጥ ረጅም ሆኖ የሚቆም ነገር ሁሉ አንድ አይነት አደለም። አንደኛው አይነት ብሉቱዝ፣ ፍላሽ መሰኪያ፣ ሬድዮ፣ የሚያብረቀርቅ መብራትና የማይክ ቀዳዳ ያለው፣ አምፑ ውስጡ የተገጠመ የፓርቲ እስፒከር ነው። ሁለተኛው ምንም የሌለው፣ ከኋላው ቀይና ጥቁር የገመድ መሰኪያ ብቻ ያለው፣ ለብቻው አምፕ የሚፈልገው ነው። ለሰርግ፣ ለልደት፣ ጊቢ ውስጥ ለሚጨፈር ነገር የመጀመሪያው ይሁን፣ አልቃወምም። ቁጭ ብላችሁ ሙዚቃ ለመስማት ከሆነ ግን ሁለተኛውን ነው የምንፈልገው።

እኔ ያኔ ይሄን ሳላውቅ ገባሁ። ሻጩ “ወንድሜ ይሄኮ 12 ሺ ዋት ነው፣ ሰፈሩን ታስነሳበታለህ” አለኝ። ሳጥኑ ላይም በትልቁ 12000 ዋት ፒኤምፒኦ ይላል። ተሸክሜው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሁፍ ሳነብ ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ነው ይላል። እስኪ አስቡት፣ 60 ዋት የበላ እቃ እንዴት ነው 12 ሺ የሚተፋው? የእንጀራ ምጣድ ራሱ 3 ሺ ተኩል ዋት አካባቢ ነው፣ 12 ሺ ዋት ማለት ከሶስት ምጣድ በላይ ባንዴ መጣድ ነው፣ ቆጣሪያችሁ አይሸከመውም። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ማንም የተስማማበት መለኪያ የለውም፣ አምራቹ የፈለገውን ይጽፋል። እናንተ ማየት ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ጉልበት ነው፣ እሱ ከሌለ ጀርባውን አዙራችሁ ከሶኬት ስንት እንደሚወስድ አንብቡ።

ለብቻው የሚሸጥ አምፕም ላይ ይሄው ዘዴ ይሰራል። አሁን በየቦታው የሚሸጡ መዳፍ የሚያክሉ ትንንሽ አምፖች አሉ፣ “2 በ100 ዋት” ተብሎ ይጻፍባቸዋል፣ አብሯቸው የሚመጣው አዳፕተር ግን 12 ቮልት 3 አምፒር ነው። 12 በ3 ስታባዙት 36። በቃ ከ36 በላይ ከየትም አይመጣም። ደሞ ሱቅ ገብታችሁ “ሪሲቨር” ካላችሁ የዲሹን አውጥተው ይሰጧችኋል፣ አምፕ ያለበትን ማለታችሁ እንደሆነ አስረዱ።

እሺ፣ ትክክለኛውን አይነት አገኛችሁ እንበል። ወረቀቱ ላይ ወይ ጀርባው ላይ የምታዩት ሁለት ቁጥር ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው።

አንዱ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው በዴሲቤል የሚጻፈው ነው። 1 ዋት ሰጥታችሁት 1 ሜትር ላይ ምን ያህል ይጮሃል ማለት ነው። 3 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የአምፑ ጉልበት እጥፍ ማለት ነው፣ 85 የሆነው እስፒከር በ40 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 88 የሆነው በ20፣ 91 የሆነው በ10 ዋት ያወጣዋል። ስለዚህ አምፓችሁ ደካማ ከሆነ፣ የብዙዎቻችንም እንደዛ ነው፣ 88 ወይ ከዛ በላይ የሆነ ፈልጉ። ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ለምሳሌ የሶኒው ኤስኤስ ሲኤስ3 88 ነው። ክሊፕሽ የሚባሉት ደሞ ትዊተራቸው (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ) ላይ ቀንድ መሳይ ነገር ስላለ በትንሽ ዋት ብዙ ይጮሃሉ፣ ባዶ ሴራሚክ ሳሎን ውስጥ ግን ያው ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። በነገራችን ላይ ሳሎን ውስጥ በደንብ ጮክ አድርጋችሁ ስትሰሙ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እና 2 ዋት ብዙ አትበሉም፣ ሌላው ዋት ከበሮው ሲመታ ለዛች ቅጽበት ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው፣ እስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም ማለት ነው። 8፣ 6 ወይ 4 ይሆናል። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑን የበለጠ ይጎትተዋል። አምፓችሁ ጀርባ ላይ “ከ6 እስከ 16 ኦም” የሚል ከሆነ ባለ 4ቱን አታስሩበት፣ ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ ካልጠፋም ይቃጠላል። ተንኮልም አለ እዚህ ጋ፣ ባለ 4 ኦሙ እስፒከር ሲለካ 2.83 ቮልት ነው የሚሰጠው፣ እሱ ለ8 ኦም 1 ዋት ሲሆን ለ4 ኦም ግን 2 ዋት ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በ3 ዴሲቤል ተሽሎ ይታያል እንጂ አልተሻለም።

ከፊት ያሉትን ክቦች መቁጠር ደግሞ ተዉት። ሶስት ዎፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) የሚመስል ነገር ስላለው ይሻላል ማለት አደለም። ፖልክ ቲ50 የሚባለውን እስፒከር ብታዩት ከስር ሶስት ትላልቅ ክብ አለው፣ ግን ከሶስቱ ገመድ የሚሄድለት አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለቱ በሳጥኑ ውስጥ ባለው አየር ግፊት ነው የሚንቀሳቀሱት። ይሄ ማታለል አደለም፣ የታወቀ አሰራር ነው፣ ቁጥሩ ግን ምንም አይነግራችሁም ለማለት ነው። ከመቁጠር ይልቅ በጣታችሁ ጎኑን አንኳኩ፣ እንደ ባዶ ካርቶን ካስተጋባ ሳጥኑ ስስ ነው፣ “ዱክ” ብሎ ከቆመ ደህና ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ በኔ እይታ በትንሽ ብር ትልቅ ነገር የሚገኘው እዛ ነው፣ ግን ሁለተኛዋ ሽወዳዬም እዛ ነች፣ መረቡን ሳላነሳ ገዛሁ። ቤት መጥቼ መረቡን ሳወልቀው የዎፈሩ ጠርዝ ላይ ያለው ፎም እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ፎም ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል፣ ላስቲክ ከሆነ ብዙ ይቆያል፣ ስለዚህ መረቡ ሳይወልቅ ብር አይከፈልም። ከዛ የዎፈሩን ወረቀት በሁለት እጃችሁ ጣቶች ቀስ አድርጋችሁ እኩል ግፉት፣ ሲገባና ሲወጣ “ክርር” የሚል ነገር ካለ ኮይሉ፣ ከኋላው የተጠቀለለው ሽቦ፣ ተበላሽቷል። ትዊተሩን ግን በፍጹም በጣት አትንኩት፣ ይሰረጉዳል።

ቴስተር ካላችሁ ወይ ጠጋኝ ጓደኛ ካላችሁ መሰኪያው ላይ ኦሙን ለኩ፣ ባለ 8ቱ ከ5 ተኩል እስከ 7፣ ባለ 4ቱ 3 እና 3 ተኩል አካባቢ ካሳየ ጤነኛ ነው፣ ምንም ካላነበበ ወይ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይ ውስጡ የተበጠሰ ነገር አለ። ቴስተር ከሌለ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይበቃል። ፕላሱን በቀዩ ማይነሱን በጥቁሩ ለአፍታ ነካ ስታደርጉት ዎፈሩ “ቶክ” ብሎ ወደ ፊት መውጣት አለበት። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከሄደ የሆነ ሰው ከፍቶ ገመዱን አገላብጦ አስሮታል። ሁለቱም አንድ ሞዴል መሆናቸውን ጀርባቸው ላይ አረጋግጡ፣ አንዱ የተቀየረ ዎፈር ያለው ከሆነ ዘፋኙ መሀል መቆሙ ይቀርና ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

መስማት ላይ እንምጣ፣ ይሄ ነው ዋናው። የራሳችሁን ዘፈን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ የሚከፍትላችሁ ሁሌም ቤዝ የሚደልቅ ነገር ነው። ሻጩን “ወንድሜ ቤዙንም ትሬብሉንም መሀል ላይ አድርግልኝ” በሉት፣ ካልፈለገ ለምን እንዳልፈለገ ገብቷችኋል። ሁለት እስፒከር ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ጆሮ እንደዛ ነው።

ምን ዘፈን? እኔ ሶስት ነገር ነው የምይዘው። አንደኛ ማሲንቆና ድምፅ ብቻ ያለበት የአዝማሪ ቅጂ፣ እዚህ ከተማ እሱ አይጠፋም። ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ክር ነውና ፈግፈግ የሚል ድምፅ አለው፣ ያ ፍግፈጋው ሳይሰማ ቫዮሊን ከመሰላችሁ እስፒከሩ መሀሉን እየበላው ነው። ሁለተኛ በገና። በገና ላይ ክሩ ስር የምትገባ እንዝራ የምትባል ቆዳ አለች፣ “ዝዝዝ” የሚለው ከሷ ነው። ደህና እስፒከር ላይ ወፍራሙ ድምፅና ዝዝታው አንድ ላይ ሆነው ከአንድ ቦታ ይመጣሉ፣ ደካማ እስፒከር ላይ ግን ዝዝታው ብቻውን ተለይቶ እስፒከሩ የተቀደደ ያስመስለዋል፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም። ሶስተኛ ከበሮ ያለበት የሰርግ ጭፈራ፣ ከበሮው ተመቶ ሲቆም እስፒከሩም አብሮ መቆም አለበት፣ ተከትሎ የሚያጉረመርም ከሆነ ቤቱ ውስጥ ይብስበታል። የሚመቻችሁን ድምፅ አግኝታችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ስሙ፣ በ5 ደቂቃ ማንኛውም እስፒከር ያምራል።

እዚህ ካላገኛችሁና ከአዲስ አበባ ካስመጣችሁ፣ መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአባይ በረሃ ቁልቁለትም አለ። በራሱ ካርቶን ይሁን፣ ከላዩ ሌላ ጭነት አይጫን፣ ሹፌሩንም በስሙ ጠርታችሁ አደራ በሉት። ከመናኸሪያ ቤት ድረስ ደሞ ሁለቱን በአንድ ባጃጅ እጭናለሁ አትበሉ፣ እኔ ሞክሬው አንዱ ከባጃጁ ወጥቶ እጄ ላይ እንደ ህጻን ታቅፎ ነው ሽምብጥ የደረሰው።

ቤት ሲገባ ገመድ ግዙ። ውድ ገመድ አያስፈልግም፣ ከመብራት እቃ ሱቅ ባለ 1 ነጥብ 5 ወይ 2 ነጥብ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ የመዳብ ገመድ ይበቃል። ቀዩ ከቀይ ጥቁሩ ከጥቁር፣ በሁለቱም በኩል። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። ከተጠራጠራችሁ የአንዱን ብቻ ገልብጡና ስሙ፣ ቤዙ የበዛበት ነው ትክክሉ።

በመሀላቸው ያለው ርቀት ከናንተ እስከ እነሱ ካለው ጋር እኩል አድርጉትና ፊታቸውን ትንሽ ወደናንተ አዙሩ። ትዊተሩ ቁጭ ስትሉ ከጆሯችሁ እኩል መሆን አለበት። ሶፋ ላይ ከሆናችሁ 90 ሳንቲ ሜትርና 1 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይገጥማል፣ አረቢያን መጅሊስ ከሆነ ያነጠፋችሁት ግን ዝቅ ትላላችሁ፣ ያን ጊዜ ከኋላ እግሩ ስር ትንሽ ነገር አስገብታችሁ ወደ ፊት አጎንብሱት፣ ህጻን ካለ ግን እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። እግሩ ሹል ብረት ከሆነ ሴራሚኩን ይጭረዋል፣ ከስሩ ሳንቲም አድርጉለት። ሹሉን ጨርሶ አውልቃችሁ መሬት ላይ ግን አታሳርፉት፣ ሳጥኑ ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሰራ እንጨት) ነው፣ ቤት ሲወለወል ውሃ ከስር ከጠጣ ያብጣል።

ቤዙ ከበዛ ወደ ግድግዳው አትግፉት፣ አውጡት። ካልተሻለው ሳጥኑ ላይ ባለው የቤዝ አየር መውጫ ቀዳዳ ውስጥ ንጹህ ካልሲ ጠቅልላችሁ ክተቱ፣ ሳቁ ግን ይሰራል። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ደሞ በረሮ ቤት ይሰራበታል፣ ወደ ጣና ዳር የምትኖሩማ ታውቁታላችሁ፣ የወባ አጎበር ቁራጭ ከውስጥ በኩል ወጥራችሁ ለጥፉበት።

አምፑ ላይ ምንም አታስቀምጡ። እማዬ “እንዲህ ራቁቱን?” ብላ ዳንቴል አለበሰችው፣ በሚያዝያ ሙቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግሎ ጠፋ፣ እኔ ተቃጠለ ብዬ ጠጋኝ ቤት ይዤው ሄድኩ፣ ልጁ ሰክቶ ምንም የለውም አለኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የድምፁን ቁልፍ ዜሮ አድርጋችሁ አምፑን አጥፉት፣ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱ።

የጓደኛዬ ሳሎን በመጨረሻ ሲለካ 3 ተኩል በ5 ሆነ፣ ጥሩ ነው። ያገለገለ ባለ 8 ኦም፣ 90 ዴሲቤል ጥንድ አገኘ፣ ምንጣፍም ዘረጋ። መጀመሪያ ቀን ስንከፍተው ግን ከበሮው በመታ ቁጥር አንድ ነገር “ጥርርር” ይላል፣ ዎፈሩን አየን፣ ገመዱን አየን፣ ባትሪ አምጥተን ቶክ አደረግነው፣ ምንም የለም። ለካ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ናቸው። ቡፌው ወደ ሌላ ግድግዳ ይሂድ ስንል እናቱ “እኔ ሳልሞትማ አይነቃነቅም” አሉ፣ ስለዚህ ከየብርጭቆው ስር ጨርቅ አነጠፍንና በገናውን ከፈትንላቸው።